ጣናን እያዩ የሚደርቁ ጉድጓዶች፦ የሮቢት ባታ የጉዳይ ጥናት

ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ በዘንዘልማ በኩል የጎንደርን መንገድ የያዘ ሰው፣ ብዙም ሳይርቅ በግራው ጣና ሲታይ ሲጠፋ፣ ጠፍቶ ደግሞ ሲታይ አብሮት ይጓዛል። ሮቢት ባታ ያለው በዚሁ አቅጣጫ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። መሬቱ ወደ ሐይቁ የሚያዘነብል ተዳፋት ነው። በክረምት በቆሎና ዳጉሳ ይዘራበታል። ጓሮው ግን የጌሾና የጫት ነው፤ አልፎ አልፎ ማንጎና ቡናም አይጠፋም። ጌሾና ጫት ክረምቱ ወጣ ብለው ውሃ መጠየቅ የሚተዉ ተክሎች አይደሉም። ስለዚህ አርሶ አደሩ በዶማና በአካፋ፣ ከዘመድ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ጉድጓድ ቆፍሯል።

አንድ የጥር ረፋድ ላይ ከእነዚህ ጓሮዎች በአንዱ ቆሜ የብረት ሜትር ጫፍ ጠመኔ እቀባ ነበር። የጉድጓድ ውሃ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ ከዚህ የረከሰና የታመነ ዘዴ አላውቅም። ሜትሩን ጠመኔ ቀብቶ ማውረድ፣ ማውጣት፣ ጠመኔው እስከ የት እንደራሰ ማንበብ፤ በቃ። ሜትሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ከታች ድንጋይ ነክቶ ቀጭ አለ። ሳወጣው ጠመኔው እንደ ነጣ ነበር፤ የአንድ ጣት ያህል እንኳ አልራሰም። የጓሮው ባለቤት ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከአጠገቤ ቆመዋል። ሜትሩን አዩና በከዘራቸው ወደ ምዕራብ ጠቆሙ። ከጫቱ ቅጠል በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ መካከል፣ ሐይቁ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

«ልጄ፣ ይኼን የሚያህል ውሃ እዚያ ተኝቶ እያየኸው፣ የእኔ ጉድጓድ ስለ ምን ይደርቃል?» አሉኝ።

ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ አይደለም። ውሃ አንሶን እንዳይባል የባሕር ዳር አካባቢ ዝናብ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ባለበት ቢቀር አንድ ሄክታር መሬት 14,000 ሜትር ኩብ ይሸከም ነበር። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ሲሆን የቀሩት ስምንቱ ደረቅ ናቸው። በክረምቱ መካከል እነዚሁ ጉድጓዶች ጎንበስ ብለው በእጅ ሊቀዱ እስኪደርሱ ይሞላሉ። ከዚያ ገና ጥምቀት ሳይደርስ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ።

የጉድጓዶቹን ግድግዳ ያየ ሰው መልሱን በከፊል ያየዋል። ከላይ ቀይ አፈር አለ። ከሥሩ በዘመናት ብዛት የበሰበሰ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር፣ የድንጋይ መልኩን ያልለቀቀ ንብርብር ይመጣል። ከዚያ በታች ዶማ የሚመልሰው ጥቁር ባዛልት ነው፤ ቆፋሪው እዚያ ሲደርስ «አለቱን አገኘሁት» ብሎ ይወጣል። ውሃ የሚያዘው በዋናነት መካከለኛው፣ የበሰበሰው ንብርብር ነው። በሙያው ቋንቋ አኩፈር የሚባለው እሱ ነው። ውሃ አዘል ንብርብር ሲባል ብዙ ሰው ከመሬት በታች የተኛ ሐይቅ ወይም ወንዝ ይታየዋል። በዚህ ዳገት ላይ ያለው ግን ከአለት ጣሪያ ላይ እንደተዘረጋ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ያውም ጣሪያው ያዘነበለ።

ይህን ነገር በቁጥር የያዘው ሥራ የተካሄደው እዚሁ ነው። በጊዜው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሰይፉ ጥላሁንና ባልደረቦቻቸው 900 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የሮቢት ባታ ተፋሰስ መርጠው አርሶ አደሮች ከቆፈሯቸው ከ300 በላይ ጉድጓዶች ውስጥ 42ቱን ተከታተሉ። ክትትሉ ሚያዝያ 8 ቀን 2006 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ዘለቀ። ዝናቡና ከተፋሰሱ የሚወጣው ፍሰትም በተመሳሳይ ጊዜ ይመዘገብ ነበር። በመሬቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ያሰሉት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እንደ ቤት ወጪና ገቢ ነው፤ ዝናቡ ገቢ፣ በወንዝ የሚወጣውና ወደ አየር የሚተነው ወጪ፣ ቀሪው ተቀማጭ። ሁለተኛው በጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃው ሲወጣና ሲወርድ ከታየው የሚነሣ ነው። ሁለት መንገድ መያዙን እወደዋለሁ። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ በአንድ ዘዴ ብቻ የተሰላ ቁጥር ሲመጣልኝ፣ አንድ ምስክር ብቻ የቀረበበት ክስ የሰማሁ ያህል እጠራጠራለሁ።

የተገኘው ይህ ነው። የተጠራቀመው ውሃ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የደረሰው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም ላይ ነበር። ከዚያ ቀጥ ባለ መስመር እየቀነሰ እስከ ታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ ሄደ። ከዚያ በኋላ ውሃ የቀረባቸው በመሬት ስብራት፣ ማለትም አለቱ በተሰነጠቀበት መስመር፣ አጠገብ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ብቻ ናቸው። በመሆኑም ሌላ የውሃ ምንጭ ካልተጨመረ፣ እንዲህ ያለ ተዳፋት መሬት አጥጋቢ መስኖ የሚሰጠው ከስምንቱ የበጋ ወራት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ብቻ ነው።

ብዙ አንባቢ «ቀጥ ባለ መስመር» የሚለውን ሳያስተውል ያልፈዋል። ለእኔ የጉዳዩ ፍሬ ያለው እዚያ ነው።

የጠላ ጋን ከታቹ ቢበሳ ሙሉ ሲሆን ይፈነጥቃል፤ እየጎደለ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ መጨረሻ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ውሃውን የሚገፋው ከላዩ ያለው የራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ውሃው ሲያንስ ግፊቱም ያንሳል። ብዙ ውሃ አዘል ንብርብሮች ባሕርያቸው ይኸው ነው። ወንዞቻችን ሰኔ እስኪደርስ እንደ ክር ቀጥነውም ቢሆን የሚፈሱት በዚህ ምክንያት ነው። የጋን ባሕርይ ለገበሬ መልካም ነው፤ መጀመሪያ ብዙ ያጣል፣ ከዚያ ግን የቀረችው ትቆይለታለች።

ዳገቱ ግን ጋን አይደለም። እዚህ ውሃውን የሚነዳው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን የአለቱ ዝንባሌ ነው። ውሃው ብዙም ሆነ ጥቂት ዝንባሌው ያው ስለሆነ ፍጥነቱም ያው ነው። በንግሥ ቀን ከተራራ ላይ ካለ ደብር በቀጭን መንገድ የሚወርደውን ምዕመን አስቡት። ሁሉም በአንድ እርምጃ ይወርዳል፤ ከታች ቆሞ ለሚቆጥር ሰው በየደቂቃው የሚያልፈው ሰው ቁጥር ተመሳሳይ ነው። መጨረሻ የወጣው ሰው ሲያልፍ ግን መንገዱ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ጠብ ጠብ የሚል የለም። ከላይ ደብሩ አጠገብ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ደጁ ጭር የሚልበት ገና ሰልፉ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ነው። በዳገቱ ራስ ያሉ ጉድጓዶች ቀድመው፣ በእግሩ ያሉት ዘግይተው የሚደርቁት እንዲሁ ነው።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። ንብርብሩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በቀን 1 ሜትር፣ ዝንባሌው በ100 ሜትር 10 ሜትር፣ ውሃ የሚንቀሳቀስበት ባዶ ቀዳዳ ደግሞ ከመቶ 5 እጅ ይሁን። 1 በ0.1 ተባዝቶ ለ0.05 ሲካፈል ውሃው በቀን 2 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። በ90 ቀን 180 ሜትር ይሆናል፤ አጠር ያለ ዳገት በሙሉ ከራስ እስከ እግሩ ይራገፋል። ያንኑ ንብርብር ወስደን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ብቻ በሚያዘነብል መሬት ብናነጥፈው ግን በቀን የሚጓዘው 2 ሴንቲ ሜትር ነው። በ90 ቀን ሁለት ሜትር አይሞላም። ዝናቡ ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ የገባው ውሃ ያው። የተለየው የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ በየስብሰባው ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ያሳስበኛል፦ «በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር ይሰርጋል?» ስርገት ማለት ከዝናቡ ውስጥ የአፈሩን ጥም አልፎ የውሃው ወለል ላይ የሚደርሰው ነው። ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን ሮቢት ባታ ላይ ትልቅ የስርገት ቁጥር ይዞ የሄደ ባለሙያ ገበሬውን ለኪሳራ ሊዳርገው ይችላል። ምክንያቱም ያ ቁጥር የዓመት ነው፤ ውሃው ግን ዓመት አይቀመጥም። ባንክ የገባው ብር ብዙ መሆኑ፣ በሦስተኛው ወር ወጥቶ ላለቀበት ሰው ምን ያደርግለታል?

በዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ እንደሚመስለው የረጋ አይደለም። ከባሕር ዳር ደቡብ ምዕራብ፣ ዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ላይ፣ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር የዝናብ፣ የወንዝና የጉድጓድ መለኪያ አቋቁመው ነበር። መለኪያውን በየቀኑ የሚያነቡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በዚያው ቦታ የዓመቱን ስርገት በብዙ ዘዴዎች ሲያሰሉ ዝቅተኛው 45፣ ከፍተኛው 814 ሚሊ ሜትር ወጣ። የእያንዳንዱን ዘዴ ድካም አበጥረው ካዩ በኋላ ነው ከ280 እስከ 430 ያለውን እውነት ይቀርበዋል ያሉት። በአንዱ ዘዴ ብቻ ሄደው ቢሆን ኖሮ ያ ቀበሌ በረሃ ወይም ገነት ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ሁለት ምሳሌ ልስጥ። በጉድጓድ ውስጥ የውሃው ወለል በክረምት 5 ሜትር ከፍ አለ እንበል። ይህን ወደ ውሃ መጠን ለመለወጥ ያ ንብርብር ሲራገፍ ስንት እጅ ውሃ እንደሚለቅ ማወቅ ይገባል። 2 በመቶ ካልን ስርገቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ 10 በመቶ ካልን 500። የበሰበሰ ባዛልት ደግሞ በአንዱ ጓሮ እንደ ሸክላ፣ በሚቀጥለው እንደ ጠጠር ነው። ዳገት ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ውሃው እየገባ በዚያው ቅጽበት ከታች እየወጣ ስለሆነ፣ የሚታየው ከፍታ ከገባው ያነሰ ነው።

ሁለተኛው የጨው ዘዴ ነው። ዝናብ እጅግ ጥቂት ክሎራይድ ይዞ ይወርዳል። ውሃው በትነትና በተክል ሲቀንስ ጨው ግን ስለማይተን፣ ከታች የሚደርሰው ውሃ የበለጠ ጨዋማ ይሆናል። በዝናቡና በጉድጓዱ ያለውን ክሎራይድ አወዳድሮ ስንት እጁ እንደሰረገ ማስላት ይቻላል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ሰውና ከብት በሌለበት አገር። በእኛ ጓሮ ጉድጓዱ እዚህ፣ ሽንት ቤቱ እዚያ፣ በረቱ መካከል ነው። ከሽንት ቤቱና ከበረቱ የሚመጣው ጨው ሲደመር ስሌቱ «እዚህ አገር ምንም አይሰርግም» ይላል። ችግሩ ከገጠር ይልቅ በከተማ ይብሳል። ለባሕር ዳር ጓሮ ጉድጓድ በክሎራይድ የተሰላ ስርገት ካያችሁ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤቱ በስንት ሜትር እንደሚርቅ ጠይቁ።

ወደ አዛውንቱ ጥያቄ ልመለስ። የጣና የውሃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። የሮቢት ባታ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ታቻቸው ራሱ ከዚህ ከፍ ይላል። ውሃ ደግሞ ከመሬት በላይም ሆነ በታች ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ነው የሚሄደው። የሐይቁ ታች በደለልና በሸክላ የተለሰነ መሆኑም ሲታከልበት፣ ሐይቁ ወደ ዳገቱ ውሃ ሊመልስ የሚችልበት መንገድ የለም። እንዲያ ቢሆን እንኳ ይታወቅ ነበር። ጣና በሰፊ ገጹ ቀኑን ሙሉ ስለሚተን ቀላሉ የውሃ ቅንጣት ይበልጥ ይሄድና ከባዱ ይበልጥ ይቀራል። የሐይቅ ውሃ በላቦራቶሪ ሲመረመር በዚህ ምልክቱ ይታወቃል፤ ከክረምት ዝናብ በቀጥታ የገባ የጉድጓድ ውሃ ምልክቱ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው በ1995 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውሳል። የሐይቁ መጠን ከልክ በላይ ወርዶ ጀልባዎች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። የዚያን ጊዜ መውረድ ከዝናቡ ማነስ ሌላ፣ የዓባይን መውጫ ከሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብና ለኃይል ማመንጫ ከሚለቀቀው ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። «ሐይቁ ሲወርድ ጉድጓዳችንም ወረደ» የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይሰማል። ከሐይቁ ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ላይ ላለ ጉድጓድ እውነት ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ላለው ግን ሐይቁ ቢወርድም ባይወርድም ታኅሣሥ ታኅሣሥ ነው።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ በዝርዝር አልተናገርኩም። «አባቴ፣ ሐይቁ የእርስዎን ጉድጓድ አይመግብም፤ የእርስዎ ጉድጓድ ነው ሐይቁን የሚመግበው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና ሳቁ። «እንግዲያው ግብር እየከፈልኩለት ነው በለኛ!»

ስብራት አጠገብ ያሉት ጉድጓዶች የተለየ ነገር አላቸው። አለቱ በተሰነጠቀበት መስመር ላይ ውሃው ከላይኛው ብርድ ልብስ ብቻ አይመጣም፤ ስንጥቁ ከራቀና ከጠለቀ ቦታ እያሰባሰበ ያመጣዋል። ሁለት ጉድጓዶች በአንድ አጥር ተለያይተው አንዱ ጥር ላይ ደርቆ፣ ሌላው ሚያዝያ ላይ ሲቀዳ የሚታየው በዚህ ነው። ጎረቤቶች ይህን ዕድል ይሉታል፤ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ስም ይሰጡታል። ስብራትን ከላይ ሆኖ ለማግኘት የምድር ኤሌክትሪክ መለኪያ አለ፣ የአየር ላይ ፎቶግራፍ አለ። እኔ ግን አዲስ ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የማየው በየካቲት ለምልሞ የቆመ ሾላ ነው። አንዱን ሾላ ማየት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሦስት ሾላ በአንድ መስመር ከቆመ ግን ጫማዬን አጥብቄ እሄድበታለሁ።

በስብራቱ ላይ ያለ ውሃ ግን የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ የነዳጅ ሞተር ተክሎ ሌሊቱን ሲስብ የሚያወርደው በዚያው ስንጥቅ መስመር ያሉትን ሁሉ ነው። በዳገቱ ላይ ያለ ተራ ጉድጓድ ሲሳብ ጉዳቱ በአብዛኛው የባለቤቱ ነው፤ ውሃውም ባይቀዳ ወርዶ ይሄድ ነበር። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት ትክክል አይመስለኝም። እንዲያውም በጥቅምትና በኅዳር ከዳገት ጉድጓድ መቅዳትን «ቁጠባ» ብሎ መከልከል ውሃውን ለሐይቁ ማስረከብ ነው።

እርከንስ? በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ወጥቶ እርከንና የማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራል። አፈሩን በመያዝ ረገድ ውለታው ትልቅ ነው። ለጉድጓድ ውሃ የሚሰጠው ግን ከሚነገረው ያነሰ ነው። እርከን ውሃን ያሰርጋል እንጂ አያቆምም፤ የገባው ውሃ በዚያው በተዳፋቱ አለት ላይ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ከዳገቱ እግር ላለው ሰው ግን ከላይ የሠረጸው ውሃ ዘግይቶ ስለሚደርሰው ጥቂት ሳምንታት ሊጨምርለት ይችላል። ስለዚህ «እርከን ሠርተን ጉድጓዳችሁ እስከ ሰኔ ይቆያል» የሚል ቃል የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

የሚረዳው ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜን ማወቅ። ውሃው በቀጥታ መስመር የሚቀንስ ከሆነ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይታወቃል ማለት ነው። ጥቅምት 1 ቀን ጉድጓዱ ውስጥ 6 ሜትር ውሃ ካለና ኅዳር 1 ቀን 4 ሜትር ከሆነ፣ ጥር መግቢያ ላይ ባዶ ነው። ለአንድ ጉድጓድ ይህ ግምት ነው፤ ለተፋሰሱ ግን የታየ ነው። ከችግኝ ተነቅሎ የተተከለ ቲማቲም ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ወይም ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ሽንኩርት ከዚያ ጥቂት ይረዝማል። በኅዳር መጨረሻ የተከለ ሰው ተክሉ ሲያብብ ጉድጓዱ ይደርቅበታል። ችግኙን በነሐሴ ደጁ ላይ አፍልቶ መስከረም ላይ የተከለ ግን ምርቱን ከውሃው ጋር እኩል ይጨርሳል። ሮቢት ላይ በመዘውርና በገመድ ፓምፕ የተሞከሩት አነስተኛ መስኖዎች፣ አብሮም የተሞከረው በተክሉ ሥር ጥልቀት የሚቀበረው ጠቋሚ መሣሪያ በዚሁ በኩል ይረዳሉ። መሣሪያው አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው፤ ያጠጡት ውሃ ሥሩ ጋ ሲደርስ ላይ ያለው ምልክት ብቅ ይልና «ይበቃል» ይላል። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ግን ባልዲ በክንዱ ለሚስብ ሰው፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ግማሽ ድካሙን ያነሣለታል።

የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ አግባብ አይሆንም። የመጀመሪያ ሰሞን ጉድጓዶችን የምለካው ቁርሴን በልቼ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። በአንዱ ጉድጓድ ውሃው ከሳምንት ሳምንት እየዘለለ ይወርድና ይወጣል፤ ስለ ስብራት፣ ስለ ተሰወረ ምንጭ ሁለት ገጽ ሐተታ ጽፌበት ነበር። በኋላ አንድ ቀን በአጋጣሚ ጎሕ ሲቀድ ደረስኩ። ሁለት ልጃገረዶች ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው እየቀዱ ነው። አንዷን «በየቀኑ ስንት ትቀዳላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ገበያ ቀን ብዙ ነው፤ ለእንግዳ ለጠላው» አለችኝ። የእኔ ምስጢራዊ ምንጭ የገበያ ቀን ጠላ ነበር። ሐተታውን ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ የምለካው ጎሕ ሳይቀድ፣ ማንም ባልዲ ሳያወርድ፣ ሌሊቱን ያረፈውን ውሃ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ወደ አዛውንቱ ጓሮ ተመለስኩ። በጉድጓዱ ገመድ ላይ ሁለት ቀይ ጨርቆች ታስረዋል፤ አንዱ ጥቅምት ሲገባ ውሃው በነበረበት ልክ፣ ሌላው ኅዳር ሲገባ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ስንት ስንዝር እንደሆነ ለክተውታል። ከሁለተኛው ጨርቅ እስከ ባልዲው ድረስም ስንዝረው ጨርሰዋል። ሽንኩርቱ ገና ከመስቀል ሳምንት ተተክሎ ጉልበት ሊያክል ተቃርቧል።

«ጌሾውስ አባቴ? ጌሾው እስከ ሰኔ አይጠብቅም» አልኳቸው።

«ጌሾውን ከወንድሜ ጋር ተነጋግሬያለሁ። የእሱ ጉድጓድ ከሾላው ሥር ነው። ከጥር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ እግር አንድ ጣሳ። ታዲያ እሱም ሞተር ላይተክል ነው፤ በሽማግሌ ፊት ነው የጨረስነው።»

ጠመኔዬን አውጥቼ ሜትሩን ቀባሁ። ማለዳ ነበር፤ ማንም አልቀዳም። ሜትሩ ሲወጣ ጠመኔው ከግማሽ በላይ ርሶ ነበር፤ አዛውንቱ ግን ሜትሩን አላዩትም፤ ስንዝራቸውን እንደገና ገመዱ ላይ ይዘረጉ ነበር።